አባቴን ቤት ውስጥ እንዴት ላስታምም?

ጥያቄ፦ አባቴ በስትሮክ ታመው ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። የምንኖረው ከዱራሜ ወጣ ብሎ ስለሆነ ለፊዚዮቴራፒ በየጊዜው መመላለስ አልቻልንም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት የደከመውን እጃቸውን አደራ! ብዙ ቤተሰብ ታማሚውን ሲያነሣ እጁን ይዞ ይጎትታል፤ ጡንቻው የላላ ትከሻ በዚህ ይጎዳል፣ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። ወገባቸውን ደግፋችሁ አንሡ፣ ክንዳቸውን በትራስ አሳርፉ። ራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሩ፤ ቁስል እንዳይጀምራቸው ተረከዛቸውንና ዳሌያቸውን በየቀኑ እዩ።

ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል? ፈሳሹ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ። እስከዚያው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ወፈር ያለ የቡላ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ ይውሰዱ። ቡላው ከጓሮ እንሰታችሁ ስለሚገኝ በዚህ አትቸገሩም።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ባለሙያው ልምምዱን ሲያሳያችሁ በስልክ ቅረጹት። ኩባያ ማንሣቱን፣ ከወንበር መነሣቱን ደጋግመው ራሳቸው ይሞክሩት፤ ቶሎ አትርዷቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞላቸው ከሆነ «ተሽሏቸዋል» ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ ግፊታቸውን በቅርባችሁ ጤና ጣቢያ አስለኩ። ፊታቸው ድንገት ከተጣመመ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።