የሚደማ ድድና ነፍሰ ጡር እናት

«ነፍሰ ጡር ድዷ ይደማል፤ ስትወልድ ይተዋታል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። የድድ መድማት በእርግዝና ወቅት የተለመደ ነው፤ እስክትወልድ ድረስ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ግን አይደለም።

ድድ ለምን ይደማል?

በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች በእናቲቱ ደም ውስጥ ይበዛሉ። በዚህም የተነሳ ድድ በጥርስ ሥር ለሚጠራቀመው ቆሻሻና ለሚራቡት ተሕዋስያን ከወትሮው ይበልጥ በቀላሉ ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ60 እስከ 75 የሚሆኑት ይህ እንደሚያጋጥማቸው ይገመታል።

ልብ በሉ፦ ሆርሞኑ ነገሩን ያባብሳል እንጂ መነሻው ቆሻሻው ነው። ብዙ እናቶች ደሙን ሲያዩ ፈርተው ጥርሳቸውን ማጽዳት ይተዋሉ። ያን ጊዜ ቆሻሻው ይጨምራል፤ ድዱም የባሰ ይደማል። ቸል የተባለ የድድ በሽታ ጥርስ የያዘውን አጥንት እየበላ ጥርሱን ያነቃንቃል። ጊዜው ሳይደርስ ከመውለድና ክብደቱ አነስተኛ ሕፃን ከመውለድ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያመለክቱ ጥናቶችም አሉ።

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች

ድድ መነቀስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። የተነቀሰ ድድ ስለሚጠቁር መቅላቱ አይታይም። ስለዚህ የተነቀሰች እናት መድማቱን፣ እብጠቱንና የአፍ ሽታውን ትከታተል። ደሙ እንዲቆም ብሎ መነቀስ ግን አይገባም፤ ለብዙ ሰው ያገለገለ መርፌ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ጽንሱ የእናቱን ጥርስ ይወስዳልን?

አይወስድም። ጽንሱ ካልሲየም የሚያገኘው እናቱ ከምትመገበው ምግብ፣ ሲጎድልም ከአጥንቷ ነው። ጥርሷን የሚጎዱት ስኳር፣ ከትውከት ጋር የሚወጣው አሲድና የንጽሕና ጉድለት ናቸው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

1. ጥርስን በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል፣ በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ማጽዳት። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ የምትጠቀሙ ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት፤ የጥርሱን የውስጥ በኩልም አትርሱ። መፋቂያው የሳሙናውን ፍሎራይድ ስለማይተካ ቢያንስ ማታ በሳሙና አጽዱ። በረመዳን የምትጾም እናት ከሱሁር በኋላና ማታ ከመተኛቷ በፊት ማጽዳት ትችላለች።

2. ካስመለሳት ወዲያው አለመቦረሽ። አሲዱ የጥርሱን ገጽ ስለሚያላላው መጀመሪያ አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ትቦርሽ።

3. ስኳር መቀነስ። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ስኳር ከተጨመረ ጥርስ በዚያ ሁሉ ጊዜ በአሲድ ይጠቃል። ከስኳሩ ብዛት ሌላ መደጋገሙም ይጎዳል።

መቼ ወደ ሐኪም?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የጥርስ ሕክምና ይገኛል። «እርጉዝ ጥርሷን አትነካም» የሚለው ስህተት ነው። ጥርስን ማሳጠብ፣ ማስሞላት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ማስነቀል በእርግዝና ጊዜ ይቻላል። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ይበልጥ ይመቻል፤ ሕመም፣ መግል ወይም የፊት እብጠት ካለ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን ቀን አይሰጠውም።

ሐኪሙን ስታገኙ አስቀድማችሁ «ነፍሰ ጡር ነኝ» በሉ። ከሱቅም ሆነ ከጎረቤት መድኃኒት አትቀበሉ። ቴትራሳይክሊን የተባለው ካፕሱል የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ያበልዛል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ይልቁንም ከ5ኛው ወር ወዲህ፣ መወሰድ የለባቸውም። በእርግዝና ክትትል ጊዜ አዋላጇ ስለ ጥርስ ባትጠይቃችሁም እናንተው ንገሯት።

የባል ድርሻ

አባወራ ሆይ፣ የጥርስ ሕክምና ወጪ «ከወሊድ በኋላ ይደርሳል» ተብሎ የሚዘገይ አይደለም። ባለቤትዎ ከቤት ሥራ ጊዜ አግኝታ ወደ ሕክምና እንድትሄድ ያግዟት። የራስዎንም ጥርስ ይታዩ። ጥርስ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን በምራቅ አማካይነት ከወላጅ ወደ ሕፃን ይተላለፋሉና ለሕፃን ምግብ አኝኮ መስጠት ወይም ማንኪያውን በአፍ መቅመስ ይቅር።

ከወሊድ በኋላ

የእርግዝና የድድ መድማት ከወሊድ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ የጥርስ ሐኪም ይየው። የዓለም የጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ ለ24 ወራት ማቆየትን ይመክራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተበላሸውን ጥርስ ማሳከም ለሚቀጥለው እርግዝና ጥሩ ዝግጅት ነው።

እቤት ስትደርሱ ተወያዩ

ሀ. ከመካከላችን ድዱ የሚደማ አለ? ከመቼ ጀምሮ?
ለ. ለጥርስ ምርመራ የምንሄደው በየትኛው ቀን ነው? ልጆቹንስ ማን ይጠብቃል?