የመጠበቅ ዋጋ፦ አራት የጉብኝት ሥፍራዎች በታችኛው የሮን ሸለቆና በማርሴይ የባሕር ዳርቻ

መግቢያ

የሮን ወንዝ ከስዊዘርላንድ አልፕስ ተራሮች ይነሣል፤ ሊዮን ከተማ ሲደርስ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞርና አቪኞንን አልፎ ይወርዳል። አርል ከተማ አጠገብ በሁለት ይከፈልና ካማርግ የተባለውን ረግረጋማ ምድር በመካከሉ አቅፎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ከአርዴሽ ገደሎች እስከ ማርሴይ የባሕር ዳርቻ ባለው በዚህ ምድር የቅድመ ታሪክ ሥዕሎች፣ የሮማውያን ሕንጻዎች፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአቪኞን የጳጳሳት ቤተ መንግሥትና ነጫጭ የባሕር ገደሎች ተቀራርበው ይገኛሉ። በመሆኑም አካባቢው በደቡብ ፈረንሣይ ብዙ ጎብኚ ከሚያስተናግዱ ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ይህ ብዛት በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። በ1936 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሣይ ሠራተኞች የሁለት ሳምንት የዓመት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ ሲፈቀድላቸው፣ ወደ ደቡብ የሚደረገው ጉዞ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ማብቃት ጀመረ። በ2001 ፈጣኑ ባቡር እስከ ማርሴይ ሲዘረጋ ደግሞ ከፓሪስ የሚደረገው ጉዞ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ አጠረ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው አስተዳዳሪዎች ዐቢይ ጥያቄ ጎብኚን እንዴት እንሳብ የሚለው ብቻ ሊሆን አልቻለም፤ የሚጎበኘውን ነገር ከጎብኚው እንዴት እንጠብቅ የሚለው ከጎኑ ቆመ።

ይህ ጽሑፍ በአካባቢው የሚገኙ አራት ሥፍራዎችን ያነጻጽራል፤ እነርሱም የአርል አምፊቴአትር፣ የጋር ድልድይ፣ የሾቬ ዋሻና የሱጂቶን የባሕር ዳርቻ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ሥፍራውን ያሰጋው ምን ነበር? ምን እርምጃ ተወሰደ? የእርምጃውንስ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? የጽሑፉ መከራከሪያ ሐሳብ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያርፋል። ማናቸውም የጥበቃ እርምጃ አንድ ወገን አንድ ነገር እንዲተው ያስገድዳል፤ በመሆኑም የጥበቃ ሥራ በዳነው ቅርስ ብቻ ሳይሆን በተተወውም ነገር ሊመዘን ይገባል።

አርል፦ ነዋሪዎች የለቀቁለት አምፊቴአትር

የአርል አምፊቴአትር በ1ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራ ነው። 136 ሜትር ርዝመትና 107 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በዘመኑ ወደ 20,000 ተመልካቾችን ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ዛሬ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ጎብኚ ክፍቱን የትርዒት ሜዳና ዙሪያውን የከበቡትን መቀመጫዎች ያያል፤ ሕንጻው ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ ይመስለዋል።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የምዕራብ ሮማ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የአርል ሕዝብ ከወራሪ ለመጠለል ወደ አምፊቴአትሩ ገባ። ወፍራሙ ግንብ የከተማ ቅጥር፣ የትርዒቱ ሜዳ የመንደር አደባባይ ሆነ። በላዩም የመጠበቂያ ማማዎች ተጨመሩ፤ ከእነዚህ ሦስቱ እስከ ዛሬ ቆመዋል። በውስጡ ከ200 በላይ ቤቶችና ሁለት የጸሎት ቤቶች ነበሩ። መንደሩ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሲሆን፣ ሰዎች ተወልደው ያደጉበትና ያረጁበት እውነተኛ መኖሪያ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጥንቱን ሕንጻ የማስመለስ ፍላጎት በረታ። ከ1820ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤቶቹ ከባለቤቶቻቸው እየተወሰዱ ፈረሱ፤ በ1830 ሜዳው ለበሬ ትርዒት ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1834፣ ደራሲው ፕሮስፔር ሜሪሜ የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሾምና ደቡብ ፈረንሣይን ሲዘዋወርባት፣ ቅርስን መመዝገብና መጠገን የመንግሥት ሥራ ወደ መሆን ደረሰ። በ1981 አምፊቴአትሩ ከሌሎቹ የከተማዋ የሮማውያንና የሮማንስክ ሕንጻዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

በዚህ ሁኔታ ሕንጻው ተመለሰ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ነዋሪዎቹ ነበሩ። ከዚህም በላይ የመካከለኛው ዘመን መንደር ራሱ ታሪክ እንደነበር ልብ ሊባል ይገባል። ከሁለት የታሪክ ዘመናት አንዱ ተመርጧል፤ ያልተመረጠው ዛሬ ለጎብኚው የሚታየው በሦስቱ ማማዎች ብቻ ነው።

የጋር ድልድይ፦ የተመለሰ ርቀት

ሁለተኛው ሥፍራ ከአርል በስተሰሜን ምዕራብ በጋርዶን ወንዝ ላይ የቆመው የጋር ድልድይ ነው። ሮማውያን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ከኡዜስ ከተማ አጠገብ ካለ ምንጭ ወደ ኒም ከተማ ውኃ ለማድረስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይ ሠሩ። በዚህ ሁሉ ርቀት ውስጥ ቦዩ የሚወርደው ከ20 ሜትር ያነሰ ከፍታ ብቻ ስለሆነ፣ የልኬቱ ጥራት ዛሬም የምሕንድስና ባለሙያዎችን ያስገርማል። ቦዩ ወንዙን የሚሻገረው ወደ 49 ሜትር ከፍታ ባለው ባለሦስት እርከን ድልድይ አናት ላይ ነው።

የውኃው አገልግሎት ከተቋረጠ በኋላ ድልድዩ መሻገሪያ ሆነ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መድፍ ለማሳለፍ ሲባል የሁለተኛው እርከን ምሰሶዎች ከጎን ተጠርበው ስለነበር የሕንጻው ጥንካሬ ተጎዳ። ጉዳቱ ከተጠገነ በኋላ፣ በ1740ዎቹ፣ ከታችኛው እርከን ጋር ተጣብቆ ለመንገድ የሚሆን ሌላ ድልድይ ተሠራ። ይህ መንገድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ተሽከርካሪ ያስተላልፍ ነበር። ድልድዩ በ1985 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላም መኪኖች እስከ ሥሩ እየተጠጉ ይቆሙ ነበር።

በ2000 ሥፍራው በአዲስ መልክ ተደራጀ። ተሽከርካሪ ተከለከለ፤ የመኪና ማቆሚያዎቹ ከድልድዩ ርቀው በወንዙ ግራና ቀኝ ተሠሩ፤ ሙዚየምም ተከፈተ። ጎብኚው ከማቆሚያው ተነሥቶ በእግሩ ይጓዛል፤ ድልድዩም ከዛፎቹ መካከል ቀስ በቀስ እየተገለጠ ይመጣል። ሰዎች በበጋ ከድልድዩ ሥር በወንዙ መዋኘታቸው ግን አልቀረም።

እዚህ ዋጋውን የከፈለው በዋናነት ጎብኚው ነው፤ የከፈለውም በእግሩ ነው። በአንጻሩ መራመድ የሚያዳግታቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ርቀቱ ከሌላው ይልቅ ይከብዳቸዋል። ይህም አንድ እርምጃ በሁሉም ላይ እኩል እንደማያርፍ ያመለክታል።

የሾቬ ዋሻ፦ ያልተከፈተው በር

ሦስተኛውን ሥፍራ ለመረዳት ከአካባቢው ወጣ ብሎ በዶርዶኝ የሚገኘውን የላስኮ ዋሻ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1940 የተገኘው ይህ ባለሥዕል ዋሻ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። የጎብኚዎቹ እስትንፋስ ያመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥበት፣ እንዲሁም የመብራቱ ብርሃን፣ በግድግዳው ላይ አልጌ እንዲበቅል አደረጉ፤ በ1963 ዋሻው ለሕዝብ ተዘጋ። ለአሥራ አምስት ዓመታት የተደረገው ጉብኝት ለብዙ ሺህ ዓመታት ደኅና የቆየውን ሥዕል አደጋ ላይ ጥሎት ነበር።

በታኅሣሥ 1994 ሦስት የዋሻ አሳሾች በአርዴሽ ወንዝ አጠገብ የሾቬን ዋሻ ሲያገኙ ይህ ትምህርት አልተረሳም። በውስጡ የአንበሳ፣ የአውራሪስ፣ የድብና የሌሎች እንስሳት ሥዕሎች አሉ፤ የጥንቶቹ ዕድሜ ወደ 36,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። ዋሻው ከቶ ለሕዝብ አልተከፈተም። የሚገቡት በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድላቸው ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች ናቸው። በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2015 ከእውነተኛው ዋሻ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተሠራው ቅጂ ለጎብኚዎች ተከፈተ። ቅጂው የዋሻውን ቅርጽ በሌዘር ልኬት በመከተል የተሠራ ሲሆን፣ ሥዕሎቹን ሠዓሊዎች በእጃቸው እንደገና ሥለዋቸዋል።

እዚህ የተተወው የእውነተኛው ነገር ፊት ለፊት መገኘት ነው። ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከአርል ይልቅ ፍትሐዊ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ከጥቂት ባለሙያዎች በስተቀር ማንም ስለማይገባ ክልከላው ለባለጸጋውም ለድኻውም፣ ለአገሬውም ለእንግዳውም አንድ ነው።

በማርሴይ የሚገኘው የኮስኬር ዋሻ ለዚህ ሐሳብ ሌላ ገጽታ ይሰጠዋል። መግቢያው ከባሕር ወለል በታች 37 ሜትር ላይ ስለሆነ ሊደርስበት የሚችለው ጠላቂ ብቻ ነው። ሥዕሎቹ ሲሣሉ ባሕሩ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለነበር ዋሻው በየብስ ላይ ነበር። አሁን የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ሲሄድ ከውኃ በላይ የቀሩትን ሥዕሎች ያሰጋል። በ2022 በከተማዋ የተከፈተው ቅጂ ስለዚህ ለጎብኚ ምትክ ብቻ ሳይሆን ለሚጠፋ ነገር መዝገብም ነው። የሾቬ ቅጂ ዋሻውን ከሰው ይጠብቃል፤ የኮስኬር ቅጂ ግን ዋሻውን ከባሕሩ ሊጠብቀው አይችልም።

ሱጂቶን፦ በቁጥር የተወሰነ የባሕር ዳርቻ

ካላንክ የሚባሉት ከማርሴይ በስተደቡብ ምሥራቅ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል የተቀረጹ ጠባብ የባሕር ሰርጦች ናቸው። በ2012 አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከብዙ ብሔራዊ ፓርኮች የሚለየው ከ800,000 በላይ ነዋሪዎች ካሏት ከተማ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ወደ ሱጂቶን የሚወስደው መንገድ ከሉሚኒ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ይነሣል፤ ለማርሴይ ወጣት ሱጂቶን የጉዞ መዳረሻ ሳይሆን ከትምህርት በኋላ የሚወረድበት የሰፈር ዳርቻ ነው።

በበጋ ከፍተኛ ቀናት እስከ 2,500 ሰው በዚህች ትንሽ ዳርቻ ይሰበሰብ ነበር። ቁልቁለቱን የሚረግጠው እግር ስስ የሆነውን አፈር አንሸራተተው፤ የጥድ ዛፎቹ ሥሮች ተጋለጡ፤ አዲስ ችግኝ ሊበቅልበት የሚችል መሬት ጠፋ። በ2022 የበጋ ወራት ፓርኩ በቀን የሚገባውን ሰው በ400 ወሰነ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ይሁንና አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ግዴታ ሆነ።

ክፍያ አለመኖሩ ፍትሐዊ የሚያደርገው ይመስላል። ነገር ግን ምዝገባ የሚቀለው ጉዞውን ቀድሞ ለሚያቅድ ሰው ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ ደግሞ ቀድሞ ማቀዱ የተለመደ ነው። የአገሬው ሰው ከባሕሩ ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ያለ ዕቅድ፣ ቀኑ ሲሞቅ ተነሥቶ መሄድ ነበር። በገንዘብ እኩል የሆነው ደንብ በልማድ እኩል አይደለም።

ውይይት

አራቱ ሥፍራዎች አራት የተለያዩ መልሶችን ይሰጣሉ። በአርል ነዋሪዎች ቤታቸውን ተዉ፤ በጋር ድልድይ ጎብኚው ምቾቱን ተወ፤ በሾቬ ሁሉም እውነተኛውን ማየት ተወ፤ በሱጂቶን በተለይ የሰፈሩ ሰው እንደ ልብ መሄድን ተወ። በሁሉም ዘንድ ቅርሱ ወይም ተፈጥሮው ተጠቅሟል፤ ጥቅሙን በጎብኚ ብዛት ብቻ ለክቶ ማቅረብ ግን ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ነጥብ እርምጃዎቹ ሊቀለበሱ መቻላቸው ነው። የሱጂቶን ገደብ አፈሩ ካገገመ ሊሻሻል ይችላል፤ የጋር ድልድይ መንገድም ሊለወጥ ይችላል። የአርል መንደር ግን ከፈረሰ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ከሁለት እርምጃዎች መካከል መምረጥ ሲያስፈልግ የማይቀለበሰው የበለጠ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል።

ይህ ንጽጽር ከኢትዮጵያም ጋር የሚገናኝበት መስመር አለ። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በመጠበቅ ረገድ የፈረንሣይ መንግሥት ትብብር ለማድረግ ቃል ገብቷል፤ ፕሬዚዳንቷም በመጋቢት 2019 ሥፍራውን ጎብኝተዋል። ሆኖም የሾቬ መፍትሔ ወደ ላሊበላ ሊሻገር አይችልም። ዋሻው ዛሬ የሚፈለገው ለዕይታና ለምርምር ሲሆን፣ ቅጂ ዕይታን ሊተካ ይችላል። ላሊበላ ግን የሚቀደስበት፣ ምእመናን በልደት በዓል የሚሳለሙት ደብር ነው፤ ቅጂ ታቦት አያስገባም። እዚያ የሚያስፈልገው ጥያቄ ከአርል የሚገኘው ነው፦ ሕንጻውን ለማዳን በሚደረገው ሥራ ውስጥ ሕንጻውን ሕያው ያደረገው ሕዝብ ምን እንዲተው ይጠየቃል? የሚጠየቀውስ ተመክሮበት ነው ወይስ ከተወሰነ በኋላ?

ማጠቃለያ

በታችኛው የሮን ሸለቆና በማርሴይ ዳርቻ የሚታየው ውበት ሳይነካ የተገኘ አይደለም። የተመረጠ፣ የተከለለ፣ አንዳንዴም የተቀዳ ነው። በአርል ክፍት ሜዳ ላይ የሚቆም ጎብኚ የፈረሱትን ከ200 በላይ ቤቶች አያይም፤ በሱጂቶን ጸጥ ባለው ዳርቻ የሚቀመጥም በዚያ ቀን ቦታ ያላገኘውን የሰፈር ልጅ አያይም። የቱሪዝም ጥናት ተግባር እነዚህን የማይታዩትን ከሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ ሥፍራ በዓመት ስንት ሰው ተቀበለ ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ሥፍራው እንዲቆይ ማን ምን ተወ የሚለውም መመዝገብ ይኖርበታል።