ፕሮቲኑ የት ዐረፈ? ላቦራቶሪ ለገባችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ተቀጠርሽ ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያው ወንበር ላይ ነው። ገንዘብ ባላወርስሽ ይህችን ምክር ላውርስሽ። «ፕሮቲኑ ምን ያህል አለ?» ብለሽ ስትጠይቂ «የት ዐርፏል?» የሚለውን አትርሺ።

1. የሴልን ሽፋን እንደ ከረጢት አትቁጠሪው። እኛ ተማሪ ሳለን ውስጡን ከውጭ የሚለይ አጥር ነው ብለን ሸምድደን አለፍን። ሽፋኑ ግን የሥራ ቦታ ነው። ሁለት የስብ ንጣፎች ተነባብረው የሠሩት ሲሆን፣ የውስጡ ንጣፍ ከውጭኛው ይለያል። ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለው ስብ በዕረፍት ላይ ባለ ፕላትሌት ውስጥ ከሞላ ጎደል በውስጠኛው ንጣፍ ተደብቆ ይኖራል። የደም ሥር ተቆርጦ ፕላትሌቱ ሲነቃ ግን ወደ ውጭ ይወጣል። በደም ውስጥ የሚዞሩት የመርጋት ፕሮቲኖች የሚሰበሰቡት እዚያ ላይ ነው።

2. ፕሮቲንን እንደ አንድ ድፍን ነገር አትዪው። በውስጡ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ክፍሎች አሉ፤ ዶሜይን የምንላቸው እነርሱን ነው። ፕሮትሮምቢንን እንውሰድ። አንደኛው ጫፉ በኋላ ትሮምቢን ሆኖ ደምን የሚያረጋው ነው። ሌላኛው ጫፉ ግላ ዶሜይን ይባላል፤ ሥራው ሽፋኑን መያዝ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ 10 ግሉታሜቶች አሉ። ጉበት ፕሮቲኑን ሲሠራ በቫይታሚን ኬ እርዳታ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ተጨማሪ ካርቦክሲል ይለጥፋል። ካልሲየምን አጥብቀው የሚይዙት ያን ጊዜ ነው። ካልሲየሙ ሲገባ ዶሜይኑ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፤ ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶቹም ወጥተው ስቡ ውስጥ ይሰካሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፕሮትሮምቢን፣ እርሱን የሚቆርጠው ፋክተር 10 እና ረዳቱ ፋክተር 5 ደም ውስጥ ተበታትነው ቢዞሩ የሚገናኙት በዕድል ነው። ሽፋኑ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ቁረጣው በመቶ ሺዎች እጥፍ ይፈጥናል። ደም ሰውነት ውስጥ በሙሉ ሳይሆን ቁስሉ ላይ ብቻ የሚረጋበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይነካል።

3. መሣሪያሽ የሚሰውርብሽን ዕወቂ። በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ከዚያ ድርቆሽ ደሙ እንዳይረጋ ያደረገውን ዳይኩማሮልን ለዩ፤ ዋርፋሪን ከዚያ የመጣ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፣ በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ዳይኩማሮል የተሰጣት ላም ደም ውስጥ ግን ፕሮትሮምቢን አለ! ሥራውን ብቻ አይሠራም፤ ካልሲየምን አይዝም። ተመራማሪዎች አሚኖ አሲዶቹን ቢቆጥሩም ከጤነኛው ጋር አንድ ነው። ምክንያቱ፣ ፕሮቲኑን ለመበተን የሚጠቀሙበት ትኩስ አሲድ ያንን ተጨማሪ ካርቦክሲል ያረግፈው ነበርና ነው። ልዩነቱን ያጠፋው ራሱ ምርመራው ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. በስዊድን ዮሃን ስቴንፍሎና ባልደረቦቹ ፕሮቲኑን በገር መንገድ ቆራርጠው ሲያዩ ምስጢሩ ተገለጠ፤ በላሟ ፕሮትሮምቢን ላይ ያ ካርቦክሲል አልነበረም።

4. ባለ ሰማያዊ ክዳኑን ቱቦ እስከ ምልክቱ ሙዪ። ውስጡ ያለው ሲትሬት ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ካልሲየም ካጣ ግላ ዶሜይን ሽፋን አይዝም፣ ደሙም አይረጋም። ልኩ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው። በኋላ የምትጨምሪው ሪኤጀንት ካልሲየሙን ይመልሳል፤ በውስጡ ያለው ፎስፎሊፒድም የፕላትሌቱን ሽፋን ተክቶ ይሠራል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ እስከ ግማሽ ብቻ ከተሞላ ቱቦ ውጤት አውጥቼ ላክሁ። ሲትሬቱ በዝቶ የመርጋት ጊዜ መለኪያው አይ ኤን አር ያለ ልክ ከፍ ብሎ ነበር። ታካሚዋ የልብ ቫልቭ የተቀየረላት ሴት ናት፤ በእኔ ውጤት ዋርፋሪኗ ተቀነሰባት። በማግስቱ ደም ደግመን ስንወስድ ስህተቱ ታየ። ክፉ ሳይደርስባት ቀረ እንጂ ቫልቩ ላይ ደም ቢረጋ ኖሮ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያልሞላ ቱቦ ከመጣልሽ መልሺ፤ ቢቆጡሽም መልሺ።

5. ዋርፋሪን የቆየውን ፕሮቲን አይነካም፤ አዲስ የሚሠራውን ነው ያለ መያዣ የሚያስቀረው። ፋክተር 7 የተባለው የመርጋት ፕሮቲን በሰዓታት ስለሚያልቅ አይ ኤን አሩ ቶሎ ከፍ ይላል፤ ፕሮትሮምቢኑ ግን ገና ለቀናት ይዞራል። ስለዚህ የሁለተኛውን ቀን ቁጥር አይተው ለሚቸኩሉ ሐኪሞች በአክብሮት አስረጂ። ታካሚውንም «ጎመን አትንካ» አትበዪው። ጎመን ዋርፋሪን የሚቃወመው ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፤ ችግር የሚሆነው ግን በጾም ወር በየቀኑ በልቶ በፍስክ ጨርሶ ሲተወው ነው። «መጠኑን አታለዋውጥ» በዪው።

6. ጥያቄው ከደም መርጋት አልፎ ይሄዳል። ፒ ኤች ዶሜይን የሚባል ሌላ ሽፋን የሚይዝ ክፍል አለ፤ ከአሲድ መለኪያው ጋር አታምታቺው። ኤ ኬ ቲ 1 የተባለው ፕሮቲን በዚህ ዶሜይኑ ወደ ሽፋኑ የሚሄደው የእድገት ጥሪ ሲመጣ ነው። 17ኛው አሚኖ አሲዱ ከተለወጠ ግን ሳይጠራ ሄዶ ይቀመጣል፤ ይህ ለውጥ በ2007 እ.ኤ.አ. በጡት፣ በአንጀትና በእንቁላል ዕጢ ካንሰሮች ውስጥ ተገኝቷል። በተቃራኒው ቢ ቲ ኬ በተባለው ፕሮቲን ፒ ኤች ዶሜይን ላይ 28ኛዋ አርጊኒን ስትለወጥ ሽፋኑን መያዝ ያቅተዋል፤ ይህን ለውጥ ይዞ የተወለደ ልጅ ቢ ሴል አጥቶ ያለ አንቲቦዲ ያድጋል። አንዱ ያለ ጥሪ ተቀምጦ፣ ሌላው ተጠርቶ መቀመጫ አጥቶ።

7. ማስታወሻሽ ላይ የፕሮቲኖችን መንገድ በቀስት ብቻ አትሳዪ። መጀመሪያ ሁለት ትይዩ መስመር አስምሪ፤ ሽፋኑ እርሱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ፕሮቲን በየትኛው ጫፉ፣ በየትኛው ስብ ላይ እንደሚያርፍ አስቀምጪ። ፕሮትሮምቢንን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ለፋሲካ ስትመጪ አብረን እናየዋለን።