ለልጆች የተሠራ ሁሉ ለሁሉም ልጅ አይሆንም



ብዙዎቻችን በቤታችን ታናናሾች አሉን። ወላጆች ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ሕፃናቱን የምንጠብቀው እኛ ነን። የካርቱን ፊልም ሲሆን «የልጆች ነው» ብለን ከፍተንላቸው ወደ ጥናታችን እንሄዳለን። ማታ ሕፃኑ «መብራት አታጥፉብኝ፤ ብቻዬን አልተኛም» ሲል ግን ምክንያቱ አይገባንም። ስለዚህ ለቤተሰብ ተብለው በሚሠሩ አስፈሪ የካርቱን ፊልሞች ውስጥ ሕፃናትን የሚረብሸው ምን እንደሆነ፣ ከእኛስ ምን እንደሚጠበቅ በአጭሩ እንመልከት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ኋይት» በ1937 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር ሲደርስ፣ የአገሩ የፊልም መርማሪዎች ሕፃናት ያለ ትልቅ ሰው እንዳያዩት በሚያዝ ደረጃ መድበውት ነበር። በ1942 የወጣው «ባምቢ» የአጋዘን ግልገል እናቱን በአዳኝ ጥይት ሲያጣ ያሳያል። በ1978 የወጣው የጥንቸሎች ታሪክ «ዎተርሺፕ ዳውን» ደግሞ በእንግሊዝ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ከ40 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በውስጡ ባለው ደምና ሁከት ምክንያት «የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል» ወደሚለው ደረጃ ከፍ ተደርጓል። እንግዲህ መርማሪዎቹ እንኳ ፍርዳቸውን የሚያሻሽሉ ከሆነ፣ እኛ የሽፋኑን ሥዕል ብቻ አይተን መፍረድ አይገባንም።

አንድ ፊልም ለምሳሌ እንውሰድ። በ2009 የወጣው የሄንሪ ሰሊክ «ኮራላይን» አሻንጉሊቶችን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ፎቶግራፍ በማንሣት የተሠራ ነው፤ ለአንዲት ሴኮንድ ብቻ እስከ 24 ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ወላጆቿ በሥራ የተጠመዱባት አንዲት ልጅ በአዲሱ ቤታቸው ትንሽ በር ታገኛለች። ከበሩ ወዲያ እናቷን የምትመስል ሌላ ሴት ጣፋጭ ምግብ አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። ዓይኖቿ ግን ቁልፎች ናቸው፤ የልብስ ቁልፎች! ልጅቱ እዚያ ለመቅረት ከፈለገች በራሷም ዓይኖች ላይ ቁልፍ መሰፋት አለበት። እውነተኞቹ ወላጆቿም ይያዙባታል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ከዚህ ታሪክ ብዙ ሊማር ይችላል፤ የሚያቆላምጥ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ፣ ፍርሃት እያለም ደፋር መሆን እንደሚቻል ያያል። ልጅቱ በመጨረሻ በብልሃቷ ታሸንፋለችና። የአራት ዓመት ሕፃን ግን የሚያየው የእናት ፊት ተለውጦ አስፈሪ ሲሆን ነው። ለእርሱ ከእናት ፊት የበለጠ መጠጊያ የለውም።

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበሩት ጆአን ካንተር ስለ ሕፃናትና ስለ ፊልም ፍርሃት ብዙ አጥንተዋል። ጥናታቸው እንደሚያሳየው ትንንሽ ሕፃናትን ይበልጥ የሚያስፈራቸው መልክ ነው፤ መልኩ ካስፈራ ባሕርዩ ደግ ቢሆንም አያጽናናቸውም። ከፍ ያሉት ደግሞ በእውነት ሊደርስ የሚችለውን፣ እንደ ሞትና እንደ ወላጅ ማጣት ያለውን ይፈራሉ። ስለዚህ ወላጁን በቅርብ ያጣ ልጅ አጽም በሌለበት ፊልም ውስጥም ልቡ ሊሰበር ይችላል።

«እኛስ በአያ ጅቦ ተረት አላደግንምን? ምን ሆንን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አያታችን ተረት ሲነግሩን ዓይናችንን ያዩ ነበር። ስንፈራ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወይም ጅቡን ያሞኙልናል። የጅቡንም መጠን በየአእምሯችን የምንሥለው እኛው ነበርን። ፊልም ግን የሚያየውን ልጅ አያይም፤ ቢያለቅስም አይቆምም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ፊልሙን አስቀድመን እንየው፤ ጊዜ ካጣን መጨረሻውን ብቻ ሳይሆን መካከሉን እንመርምር። ፊልም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲተላለፍ የዕድሜ ማስጠንቀቂያው አብሮት ላይመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አብረን እንቀመጥ። ልጁ ፊቱን ሲሸፍን «ይዘጋ ወይስ ይቀጥል?» ብለን እንጠይቀው። ዝጉልኝ ካለ ያለ ክርክር እንዝጋ።

ሦስተኛ፣ ለትንሽ ሕፃን «ውሸት እኮ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ማቀፍ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ወደሚወደው ጨዋታ መመለስ ይሻላል። ከፍ ላለው ግን አሻንጉሊቱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ብናስረዳው ፍርሃቱ ይቀልለታል።

አራተኛ፣ «ፈሪ» ብለን አንሳቅበት። የተሳቀበት ልጅ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ መናገሩን ግን ይተዋል። ዛሬ የፊልም ፍርሃቱን የደበቀን ልጅ፣ ነገ በትምህርት ቤት ወይም በመንገድ እውነተኛ ክፉ ነገር ቢደርስበት ለማን ይነግራል?

ከሁሉ የሚከፋውም ይኸው ነው። ሕፃናትን ከፍርሃት ሁሉ ልንጠብቃቸው አንችልም፤ ሲፈሩ ወደ እኛ የሚሮጡ እንዲሆኑ ማድረግ ግን እንችላለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙን ከከፈትንላቸው በኋላ ደብተራችንን ይዘን ወደ ሌላ ክፍል ከመሄድ ይልቅ እዚያው አጠገባቸው እንቀመጥ።