አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕን ከሥር ማደስ፦ የባሌስትራና የአሞርዛተር ማሻሻያ በቶዮታ ሃይሉክስ

የፒክአፕ ባሌስትራና አሞርዛተር አብረው ይሠራሉ እንጂ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። አሞርዛተሩ ደግሞ ተጭኖ የነበረው ባሌስትራ ተመልሶ ሲነሣ ይገታዋል፤ ጎማው መሬቱን እንዳይለቅም ይይዘዋል። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ባለንብረቱ መኪናው ከኋላ ሲወርድበት አሞርዛተር ይገዛል፣ ሲዘልበት ደግሞ ባሌስትራ ያስጨምራል። ሁለቱም ገንዘብ ማባከን ነው። አሞርዛተር የወረደ መኪና አያነሣም፤ ተጨማሪ ባሌስትራም መዝለልን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የተወሰደው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ትውልድ ውስጥ ያለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስልና ባሌስትራ አለው። በኋላ ከመጡት ውስጥ የፊት ጎማዎቻቸው በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱና ክብደታቸውን ቶርሽን ባር በሚባል የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ የሚሸከሙ አሉ። የኋላው በሁሉም ባሌስትራ ነው። ስለዚህ አንድም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ከሥር ገብቶ የፊቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በመኪናው ዕድሜ ብቻ መገመት ለተሳሳተ ግዢ ይዳርጋል።

ያለውን መመርመር

መኪናው ከሥሩ በውኃ ግፊት በደንብ ይታጠባል። ጭቃና ግራሶ የሸፈነው ስንጥቅ አይታይም። መጀመሪያ የሚታየው ሻንሲው ነው፤ የኋላው ባሌስትራ የፊትና የኋላ ጆሮ የሚታሰርበት ቦታ፣ የአሞርዛተሩ የላይኛው ማሰሪያ፣ እንዲሁም ከጋቢናው ጀርባ ካሶኒው የሚጀምርበት አካባቢ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ይፈተሻል። ለዓመታት ከአቅም በላይ የተጫነ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ወይም የሚጎብጠው ከጋቢናው ጀርባ ነው። ስንጥቅ ከተገኘ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ በአዲስና በጠንካራ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ስንጥቅ ሻንሲ ከቀድሞው በፍጥነት ይከፈታልና ብየዳው ይቀድማል።

ቀጥሎ ጎሚኒዎቹ ይታያሉ። በባሌስትራው ጆሮና ሻክል በሚባለው ተወዛዋዥ ማያያዣ መካከል ሌቫ ገብቶ ሲነቀነቅ ብረት ከብረት ከተጋጨ ወይም ጎሚኒው ተሰባብሮ ከወጣ አልቋል። አሮጌ ሃይሉክስ በኮረኮንች ላይ ከኋላ የሚያሰማው ኳኳታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው፤ አንዳንዴም መኪናውን እንደ አዲስ ለማድረግ ጎሚኒና አሞርዛተር ብቻ መቀየር ይበቃል። አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ፣ ዘንጉ ከተጫረ ወይም ቱቦው ከተቀጠቀጠ ይወገዳል። ዘይት ሳያፈስም የደከመ ይኖራል፤ ተፈትቶ በእጅ ሲጨመቅና ሲሳብ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው።

ባሌስትራው ራሱ በንብርብሮቹ መካከል የዛገ፣ አንዱ ብረት የተሰበረ ወይም ጉብጠቱን ያጣ መሆኑ ይታያል። ስብራቱ በብዛት የሚደበቀው በመሃል ብሎኑ ዙሪያ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ-ቦልቶች በሸፈኑት ቦታ ነው።

መለካትና መምረጥ

ጥሩ ምርጫ የሚመጣው ከመለካት ነው። መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ባዶውን ይቆማል፤ በአራቱም ጎማዎች ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካና ይጻፋል። ከዚያ ክብደቱ የሚታወቅ ጭነት በካሶኒው ላይ እኩል ተደርድሮ እንደገና ይለካል። እዚህ ላይ የእህል ጆንያ ምቹ ነው፤ 5 ኩንታል 500 ኪሎ ነው። በዚህ ጭነት አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የተቀመጠው መመከቻ ላስቲክ ሊነካ ከደረሰ፣ ባሌስትራው ደክሟል ወይም መጀመሪያውኑ ለመኪናው ሥራ አይመጥንም። በግራና በቀኝ መካከል ጉልህ ልዩነት ካለ ደግሞ በአንዱ ወገን የተሰበረ ብረት መፈለግ አለበት።

ቀጣዩ ጥያቄ መኪናው በየቀኑ የሚሸከመው ስንት ነው የሚለው ነው። በዓመት ሁለቴ የሚጫነው ከባድ ጭነት ለምርጫ መሠረት አይሆንም። ሳይወርዱ የሚኖሩት ነገሮች ይደመራሉ፦ የካሶኒ ሽፋን፣ የዕቃ ሣጥን፣ ከፊት የብረት መከላከያ፣ ትርፍ ጎማ፣ ነዳጅ። 200 ሊትር ናፍጣ የያዘ በርሜል ብቻውን ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በምድር ሚዛን ላይ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ቢመዘን ግምት አያስፈልግም።

እንደ ኦልድ ማን ኢሙና ዶቢንሰንስ ያሉ የአውስትራሊያ አምራቾች ለሃይሉክስ የሚያዘጋጁት ባሌስትራ በሚሸከመው ክብደት የተከፋፈለ ነው፤ ባዶ ወይም ቀላል፣ መካከለኛ፣ እና ሁልጊዜ የተጫነ። አብዛኛው ሰው ለክፉ ቀን ብሎ ከባዱን ይመርጣል፤ ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ለ500 ኪሎ ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ ካሶኒ ሲይዝ አይታጠፍም፤ በኮረኮንች ላይ የኋላ ጎማዎቹ ይዘላሉ፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታሉ፣ ሻንሲውና ተሳፋሪው ድብደባውን ይቀበላሉ። አንዳንዴ የሚጫን፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ባዶ የሚሄድ መኪና የሚስማማው ከላይ ቀጫጭን ብረቶች፣ ከሥር ደግሞ ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነካ ወፍራምና ቀጥ ያለ ብረት ያለው ባሌስትራ ነው።

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በየክልሉ ከተሞች የተለመደው ርካሽ መንገድ ከሌላ መኪና የወጣ አንድ ብረት ማስጨመር ነው። ጉብጠቱና ውፍረቱ ከነባሩ ጋር ካልገጠመ ክብደቱ በብረቱ ጫፍ ላይ ተከማችቶ ዋናውን ብረት ይሰብራል። በእሳት አግሎ ማጉበጥም እንዲሁ ነው፤ እሳቱ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን የመለጠጥ ኃይል ያጠፋዋል፣ ባሌስትራውም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። ገንዘብ ካጠረ በቀዝቃዛው እንዲጎብጥ የተደረገ ነባር ባሌስትራ ከተሰበሰበ ዕቃ ይሻላል። አንድ ነገር ግን በግልጽ መታወቅ አለበት፦ ባሌስትራው ስለጠነከረ የመኪናው የተፈቀደ ጭነት አይጨምርም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው እንደነበሩ ናቸው።

ከፍታን በተመለከተ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር መጨመር ለዚህ መኪና በቂ ወሰን ነው። ከዚያ በላይ የፍሬን ቱቦ ያጥራል፣ ክሮቼራው በማይመች ማዕዘን ይሠራል፣ መኪናውም በመታጠፊያ ላይ ያጋድላል። አሞርዛተሩ ከአዲሱ ከፍታ ጋር በርዝመት መግጠም አለበት፤ አጭር ከሆነ ጎማው ሲንጠለጠል ራሱ ተስቦ ይቀደዳል፣ ረጅም ከሆነ በጭነት ጊዜ እስከ ታች ተጨምቆ ይሰበራል። ስለዚህ ባሌስትራና አሞርዛተር ከአንድ አምራች በስብስብ መግዛቱ ይመከራል።

የኋላውን መቀየር

ከሥራው አንድ ቀን በፊት ሁሉም ብሎንና ዳዶ በብረት ብሩሽ ይጸዳና ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይረጭበታል። አዲስ ዩ-ቦልት ከነዳዶው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ አሮጌው አንድ ጊዜ ሲጠብቅ ስለተለጠጠ ዳግም አይታሰርም።

የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ። የኋላው በክሪክ ይነሣና ሻንሲው ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ ፊት ለፊት በሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይገባም፤ ድንጋይና ጡብም መደገፊያ አይደሉም። ክሪኩ ከዚያ ወደ ዲፈረንሻሉ ሥር ይዛወርና የአክስሉን ክብደት ብቻ ይይዛል።

ሥራው በአንድ ወገን ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ ሌላው ወገን እንደታሰረ ሆኖ አክስሉን በቦታው ያቆየዋል። አሞርዛተሩ ከታች ይፈታል፣ ቀጥሎ የዩ-ቦልቶቹ ዳዶዎች ይወጣሉ። አክስሉ በክሪኩ ቀስ እያለ ሲወርድ የፍሬን ቱቦው መወጠር አለመወጠሩ ይታያል። ከዚያ የሻክሉና የፊት ጆሮው ብሎኖች ወጥተው ባሌስትራው ይወርዳል። የፊት ጆሮው ብሎን ከጎሚኒው የብረት ቀለበት ጋር በዝገት ከተጣበቀ በመዶሻ መቀጥቀጡ ማሰሪያውን ይጎዳል፤ በመጋዝ ቆርጦ አዲስ ብሎን ማስገባት ይሻላል።

አዲሱ ባሌስትራ በፊት ጆሮው ይገባል፣ ሻክሉ ይያያዛል፤ ብሎኖቹ ግን ለጊዜው በእጅ ብቻ ይጠብቃሉ። አክስሉ ሲነሣ የመሃል ብሎኑ ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተ አክስሉ ጠምሞ ይታሰራል፤ መኪናው ወደ ጎን እያዘነበለ ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል። ዩ-ቦልቶቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ፣ በመጨረሻም በመኪናው የጥገና መጽሐፍ በተጻፈው መጠን ጥብቀትን በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ።

አዲሱ አሞርዛተር ከመታሰሩ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ አራት አምስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይጨመቃል፣ ይሳባል። በማጓጓዝ ጊዜ ተኝቶ የቆየ አሞርዛተር በዘይቱ ክፍል አየር ይይዛል፤ ይህ ሲደረግ መጀመሪያ ባዶ ሆነው የሚንሸራተቱት ምቶች ቀስ በቀስ እኩል መቃወም ይጀምራሉ። ጋዝ ያለበት ከሆነ ግን ጨምቆ የያዘው የማሸጊያ ቀበቶ የሚቆረጠው አሞርዛተሩ ከላይ ከተያዘ በኋላ ነው።

ሁለቱም ወገኖች ሲያልቁ ጎማዎቹ ይታሰራሉ፣ መኪናው መሬት ላይ ይወርዳል፣ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ይነዳል። የጆሮና የሻክል ብሎኖች ሙሉ በሙሉ የሚጠብቁት አሁን፣ የመኪናው ክብደት በባሌስትራው ላይ ሳለ ነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ የላስቲክ ጎሚኒው መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራልና በአጭር ጊዜ ይበጣጠሳል። ይህ እርምጃ በብዙ ጋራዥ ይዘለላል፤ አዲስ ጎሚኒ ቶሎ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ከሆነ ከመግባቱ በፊት አብሮት የመጣው ግራሶ ይቀባል።

የፊቱ

ባሌስትራ ባለው ፊት አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ መሪው ላይ ነው፤ ረጅም ሻክል ማስገባት አክስሉን ስለሚያጋድለው መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ አይመለስም፣ በአስፋልት ላይም ይቅበዘበዛል። ከፍታ በሻክል ሳይሆን በባሌስትራው ጉብጠት መገኘት አለበት፤ ከዚያም በኋላ የአክስሉ ማዕዘን ከተዛባ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል በሚገባ ሾጣጣ ብረት ይስተካከላል።

ቶርሽን ባር ባለው ፊት የማስተካከያ ብሎኑን በማጥበቅ መኪናውን ማንሣት ይቻላል፤ ይህ ግን ዘንጉን አያጠነክረውም። ከፍታው ሲጨምር ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ያጥራል፣ የፊት ጎማ ማዞሪያ ዘንጎችም መገጣጠሚያቸው ከልክ በላይ ታጥፎ ይሠራል። 30 ሚሊ ሜትር ያህል ከበቂ በላይ ነው። የብረት መከላከያ የሚሸከም ፊት ወፍራም ዘንግ ያስፈልገዋል። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ማስተካከያው ላልቶ ውጥረቱ ይወገዳል፣ የዘንጉና የማሰሪያው አቀማመጥ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። የግራውና የቀኙ ዘንግ አይለዋወጡም።

ፍሬን፣ አላይመንትና መብራት

በብዙ ሃይሉክስ የኋላ አክስል ላይ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ፣ በሻንሲው ላይ የታሰረ የፍሬን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ካሶኒው ሲወርድ መኪናው እንደተጫነ ቆጥሮ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል፤ ከፍ ሲል ይቀንሳል። አዲስ ባሌስትራ መኪናውን 50 ሚሊ ሜትር ሲያነሣው ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ይቆጥራል፤ ጭነት ኖሮም የኋላ ፍሬን ይደክማል። ስለዚህ የዘንጉ ማሰሪያ በተነሣው መጠን መስተካከል አለበት። ከአጠቃላይ ሥራው ውስጥ በሕይወት ላይ የሚመጣው ይህ ነው፤ ፍሬን የሚያውቅ መካኒክ ሳያየው መኪናው ጭነት ይዞ መውጣት የለበትም።

በዚያው ቀን አላይመንት ይሠራል፣ የፊት መብራቶቹም ከፊት የሚመጣን አሽከርካሪ ዓይን እንዳይወጉ ወደ ታች ይስተካከላሉ። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዩ-ቦልቶቹ በሙሉ ዳግም ይጠብቃሉ፤ አዲስ ባሌስትራ ንብርብሮቹ ሲቀመጡ ዩ-ቦልቶቹ ይላላሉ፣ የላላ ዩ-ቦልት ደግሞ የመሃል ብሎኑን ይቆርጣል። በዚሁ ጊዜ የጎማ መሃልና የፓራፋንጎ ርቀት እንደገና ተለክቶ አዲሱ ባሌስትራ እንደታሰረ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። ጥቂት ሚሊ ሜትር መውረድ የተለመደ ነው። አንዱ ወገን ብቻ በጉልህ ከወረደ ግን ባሌስትራው ጉድለት አለበትና ደረሰኙ ሳይጠፋ ለሻጩ ይመለስ።