በክረምት የቤት ውስጥ ግድግዳ ስለ መቀባት

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሁሉም ሰው ቤቱን ማሳመር ይፈልጋል። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ግድግዳው ይለሰናል፤ ኖራ ይቀባል። ነገር ግን ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ብርድ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

እኛ ተማሪዎች የደረሰብንን እንንገራችሁ። ያረፍነው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነበር። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ብርዱ ኃይለኛ ነው። በነሐሴ ወር የክፍላችንን ግድግዳ በጭቃ ለሰንን፤ በሦስተኛው ቀን ኖራ ቀባነው። አልደርቅ አለን። ቶሎ ይድረቅልን ብለን ማታ በርና መስኮቱን ዘግተን ከሰል አቀጣጠልን። ትንሽ ቆይቶ ራሳችንን አመመን፤ አቅለሸለሸን፤ ጉልበታችን ከዳን። የቤቱ ባለቤት እማማ በሩን በርግደው ገቡና፣ «ልጆቼ፣ ውጡ! ከሰል እኮ ይገድላል!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ባይደርሱልን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። ኖራውም ቢሆን በሳምንቱ ተቀርፎ ረገፈ። ልናስተምር ሄደን እኛው ተማርን።

ግድግዳው ለምን አልደረቀም?

ግድግዳ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ወደ አየር ሲወጣ ነው። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ መያዝ የሚችለው እርጥበት ከሞቃት አየር ያነሰ ነው። የታጠበ ልብስ በሐምሌ ውሎ አድሮ እንደማይደርቅ ሁሉ ግድግዳም እንዲሁ ነው። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ነገር አይጣበቅም፤ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ ይረግፋል።

ከሰል ለምን ይገድላል?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም። ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ኦክሲጅን እንዳያገኝ ያደርጋል። ሰው በተኛበት ይሞታል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ በቅድሚያ እንጠግን። ጎርፍ የግድግዳውን ሥር እንዳያርስ ቦይ እንቆፍር።

2. አዲስ ልስን ሳይደርቅ አንቀባ። ለማወቅ፣ ቁራጭ ፌስታል በግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጣብቀን እናሳድር። ጠዋት ውስጡ ውሃ ካቋጠረ ግድግዳው ገና ነው።

3. ዝናቡ ያባራበትን ቀን እንምረጥ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምረን፣ በርና መስኮት ከፍተን እንቀባ።

4. ስስ አድርገን ደጋግመን እንቀባ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አንደርብ።

5. ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላልና ልጆችን እናርቅ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እንጠበውና ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

6. በተዘጋ ቤት ከሰል ፈጽሞ አናንድ።

ግድግዳው ለበዓሉ ካልደረሰስ? ወለሉን ለቅልቆ ቄጠማ መጎዝጎዝ ይበቃል። በጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ ይቀባል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለም? ግድግዳ ይጠብቃል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።

ጥያቄ

1. በክረምት ግድግዳ ቶሎ የማይደርቀው ለምንድን ነው?

2. የከሰል ጋዝ መኖሩን በዓይን ወይም በሽታ ማወቅ ይቻላል?

3. በእናንተ ቤት ግድግዳ የሚቀባው በየትኛው ወር ነው? ለምን?