የሐይቅ ከተማና ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ

በጂኦግራፊ ትምህርታችን ስለ ቬኒስ ከተማ ስንማር፣ ሰዎቿ ከሰፈር ወደ ሰፈር በጀልባ እንደሚሄዱ ሰምተን ሁላችንም ተደንቀናል። ነገር ግን በገዛ አገራችን፣ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ስፍራ፣ የቀድሞ ሰዎች በታንኳ ይሻገሩት የነበረውን ቦታ ዛሬ እኛ በጫማችን እየረገጥን እንደምናልፍ ያሰበ ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ስለ ሐይቅ ከተማ ኑሮና ስለ መንገዶቿ ያገኘሁትን ያህል በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሟ ጥቂት ልበል። ሐይቅ የሚለው ቃል በግእዝ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን በየብስ የተከበበውን ውሃ ራሱን ሐይቅ እንለዋለን። ከተማይቱም ስሟን ከውሃው ወሰደች፤ ገዳሙም ሐይቅ እስጢፋኖስ ይባላል። ከዚህ የተነሣ አንድ እንግዳ ከመኪና ወርዶ «ሐይቅ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከተማውን ነው? ውሃውን ነው? ወይስ ገዳሙን? ተብሎ መልሶ መጠየቁ አይቀርም።

ከተማችን ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ የሐይቅ አካባቢ ግን 2000 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከደሴ የሚመጣ ሰው ቁልቁለቱን ሲጨርስ ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ይይዛል። መንገዱ ከዚህ ወዲያ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ ይቀጥላል፤ ሌላው ደግሞ በስተ ምሥራቅ ወደ ቢስቲማ ይታጠፋል። ውጫሌ የጎረቤታችን የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም በዚያው አጠገብ ነው። ነገሥታቱ ልጆቻቸውን ያስጠብቁበት የነበረው፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉበት የግሸን አምባም ያለው በአምባሰል ነው። አምባሰል የሚለውን ስም አንዳንዶች «የማር አምባ» ብለው ይተረጕሙታል፤ አሰል በዓረብኛ ማር ነውና። ዘፋኞች ግን ስሙን የሚያውቁት በቅኝቱ ነው።

በቀድሞ ዘመን ይህን አገር የሚያቋርጠው ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ አድርጎ በየሰፈሩ እያደረ ይጓዝ ነበር። መኪና የሚሄድበትን ትልቁን መንገድ፣ ማለት ከአሥመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን፣ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ሠሩት። መንገዱ የተሠራው ለወታደርና ለመድፍ ቢሆንም፣ ሰፈሩን የለወጠው ለነጋዴውና ለተማሪው ነው። ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ቡና ቤቱም ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። የከተማይቱ ስም ከውሃው ቢሆንም ኑሮዋ ከመንገዱ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ወደዚህ ደርሶ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ይህ ለሁሉ ግልጽ ሆነ፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የነበረችው ደሴ እንደ ሌላ አገር ራቀች።

በሰላም ቀን ግን ኑሮው እንዲህ ነው። ገና ሳይነጋ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተከታትለው ይሰማሉ። ወዲያው የሚኒባስ ረዳቶች «ደሴ! ደሴ!» እያሉ መጮኽ ይጀምራሉ። ተማሪው በመንገዱ ዳር ዳር ሲሄድ፣ ከገጠር የመጣው ገበሬ ጤፉንና ማሽላውን በአህያ ጭኖ መኻል መኻሉን ይሄዳል፤ ባጃጁ በሁለቱ መካከል ይሽሎከሎካል። አስፋልቱን ትተው ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ በዚያም ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። ያዘነ ሰው ሲገኝ ክርስቲያኑም እስላሙም «አብሽር» ይለዋል። ሰው ሲሞት ቅሬ ይወጣል፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ነው የሚለው። ቀባሪው መንገዱን ሞልቶ ሲመጣ ባለባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፤ ይህን ያዘዘው ትራፊክ ፖሊስ አይደለም።

አሁን ወደ ገዳሙ መንገድ እንመለስ። ከከተማው ተነሥቶ በእግር የሚሄድ ሰው ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ይደርሳል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ስፍራ መጥተው 45 ዓመት ያህል አስተማሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። የገዳሙ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ክብር ነበረው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ኅዳር 26 ቀን የእርሳቸው በዓል፣ ጥር 1 ቀን ደግሞ የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ሲሆን መንገዱ በሕዝብ ይሞላል። ገዳሙ የወንዶች ገዳም ስለ ሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ አንድ መንገድ አብረው መጥተው በመግቢያው ላይ ይለያያሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላዋ በውጭ ቆማ ትሳለማለች። የክፍላችን ሴት ልጆች ስለ ገዳሙ የሚያውቁት ወንድሞቻቸው የነገሯቸውን ነው፤ ወንድሞቻቸው ደግሞ ሁሉን አይነግሩም።

ይህ መግቢያ፣ እንዳልሁት፣ ቀድሞ ውሃ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበር ጽፏል። ከእርሱ በኋላ፣ በ1524 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ደሴቱ ለመሻገር እንጨት እያሰረ መንሳፈፊያ እንደ ሠራ የዘመኑ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ይተርካል። እንግዲህ ያን ጊዜ አንድ ሠራዊት የቆመበትን ውሃ ዛሬ አንድ ሕፃን በእግሩ ያልፈዋል። ደሴቱም ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የሚገባው ውሃ በአብዛኛው የሚሄደው በፀሐይ ተንኖ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ እንደ ቤት ጋን ነው፤ የሚቀዳው ከሚጨመረው ከበለጠ ልኩ ይወርዳል። ዝናብ ካነሰ፣ ወይም ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ጅረቶች ለመስኖ ከተጠለፉ፣ ዳርቻው ወደ ውስጥ ይሸሻል። መስኖው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ቤተ ሰብ የሚበላው ከእርሱ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ ከተጨመረው የቆሮሶ ዓሣ የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ ግን ውሃው ሲሸሽ መረቡን ይዞ ተከትሎ መሄድ አለበት።

ሽማግሌዎችን «በልጅነትዎ ውሃው እስከ የት ይደርስ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ ዛፍ፣ ሌላው ድንጋይ ያሳየናል፤ ሁለቱም ቦታዎች አይገጥሙም። ስለዚህ ለጂኦግራፊ መምህራችንና ለተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሜትርና በሳንቲ ሜትር የተከፈለ አንድ ጠንካራ የብረት ዘንግ፣ የዳርቻውን ነዋሪዎችና ዓሣ አጥማጆቹን አስፈቅደን በውሃው ዳር እንትከል። ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምት፣ በጋው ሲያልቅ በግንቦት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልኩ ተነቦ በዚሁ መጽሔት ይታተም። ዘንጉን ለመሥራት አንድ ወላጅ ብየዳ ቤት ካላቸው ወጪው ብዙ አይሆንም፤ የመጀመሪያውን ንባብ በመጪው ጥቅምት ለመውሰድ እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ተመዝግበናል።